ቀፎዎቻችን በአደይ ወቅት አይነሱብን

ይድረስ፦ በጦሳ ተራራ ግርጌ ያለውን የንብ ማነቢያችንን እንድንለቅ ደብዳቤ ለጻፈው መሥሪያ ቤት የሥራ ኃላፊዎች
እንዲሁም፦ ለደሴ ከተማ ነዋሪዎች

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልን። ይህን ደብዳቤ የምንጽፈው መስከረም 2 ቀን ነው። ነሐሴ 28 በደረሰን ደብዳቤ 41 ቀፎዎቻችንን በ15 ቀን ውስጥ አንስተን ቦታውን እንድናስረክብ ታዝዘናል። ቀነ ገደቡ መስከረም 8 ያበቃል፤ የቀረን ስድስት ቀን ነው። ለመነጋገር ሁለት ጊዜ ቢሯችሁ ድረስ መጥተናል። በመጀመሪያው ቀን ስብሰባ ላይ እንደሆናችሁ ተነገረን፤ በሁለተኛው ቀን ውሳኔው ያለቀለት ስለሆነ መመላለሱ እንደማይጠቅመን ተነገረን። በር ላይ ቆመን መናገር ያልቻልነውን በአደባባይ የጻፍነው ለዚህ ነው። የመሥሪያ ቤቱንም ሆነ የማንንም ኃላፊ ስም አልጠቀስንም፤ የምንፈልገው ሰው እንዲያፍር ሳይሆን ውሳኔው እንደገና እንዲታይ ነው።

እኛ 23 አባላት ያሉን የንብ አንቢዎች ማኅበር ነን። ከመካከላችን ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር አለ፣ መምህራን አሉ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሰው ሥራ ያጡ ወጣቶች አሉ፣ ከማር በሚያገኙት ገንዘብ የቤት ኪራይ የሚከፍሉ ሁለት እናቶች አሉ። የተረከብነው ቦታ ጎርፍ የበላው፣ ቦረቦር የሞላበት ቁልቁለት ነበር፤ ከብት እንኳ የሚነጨው ሣር አልነበረውም። አጥረን ከግጦሽ ከለልነው፣ እርከን ሠራንበት፣ ግራዋና ትሪ ሉሰርን ተከልንበት፣ ከዳገቱ ራስ ላይ ወይራ አጸደቅንበት። በሁለተኛው ክረምት አደዩ ማንም ሳይዘራው ተመለሰ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ 30 ቀፎ ነበረን፤ ከስደት ስንመለስ ንብ ያለባቸው ሰባት ብቻ ሆነው አገኘናቸው። ንቧ እንጀራዋን የምትሠራበት የእንጨት ፍሬም ማገዶ ሆኗል፤ ያጠራቀምነው ሰም ሳይቀር ተወስዷል። ከእነዚያ ሰባት ኅብረ ንብ፣ የአንድ ቀፎን የንብ ቤተሰብ ማለታችን ነው፣ ለሁለት እየከፈልን፣ መንጋ እየያዝን ነው ዛሬ 41 የደረስነው። ይህን የምንነግራችሁ እንዲታዘንልን አይደለም። በ15 ቀን ይነሣ የተባለው ነገር ስንት ዓመት እንደፈጀ እንዲታወቅልን ነው።

ከማር ሌላም የምንሠራው ሥራ አለ። ንብ በሰው ቤት ኮርኒስ፣ በትምህርት ቤት ግድግዳ ወይም በመብራት ቆጣሪ ሳጥን ውስጥ ስትገባ የምንጠራው እኛ ነን። ባለፈው ዓመት ብቻ ከ14 ቤቶች መንጋ አንስተናል። መሰላል ተሸክመን በምሽት እንሄዳለን፤ ከማንም ሳንቲም ተቀብለን አናውቅም። ቀድሞ እንዲህ ያለችውን ንብ ይጠብቃት የነበረው የጭድ እሳት ወይም ናፍጣ ነበር። እሑድ እሑድ ደግሞ ተማሪዎች ይመጣሉ። ከመረብ ጀርባ ቆመው ቀፎ ሲከፈት ያያሉ፤ ንግሥቲቱን፣ ሽማግሌ አባሎቻችን እንደሚሏት አውራዋን፣ ቀድሞ ለማየት ይሽቀዳደማሉ። ድንጉላውን፣ ወንዱን ንብ፣ ከሠራተኛዋ መለየት የማይችል ልጅ ከሁለተኛው እሑድ በኋላ አይገኝም።

አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ። የመጀመሪያው ስለ ጊዜው ነው። ዋናው ጉዳት ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ብናረዝመው ታገሡን።

በደሴ ዙሪያ ንብ ዓመቱን ሙሉ እኩል አትሠራም። ክረምቱን ጉሙና ዝናቡ ከቀፎ አያስወጣትም፤ ያጠራቀመችውን እየበላች ትቆያለች። በነሐሴ ባቄላው ሲያብብ፣ ከዚያም አደይና መጭ ሜዳውን ሲያለብሱት ንግሥቲቱ እንቁላል መጣል ታበዛለች፤ ቀፎው በሠራተኛ ይሞላል። ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባሉት ሳምንታት የምትቀስመው ነው ኅዳር ላይ ማር ሆኖ የሚቆረጠው። ስለዚህ ዛሬ በፍሬሞቹ ላይ ያለው የማር እንጀራ አዲስ ነው። ሰሙ ገና አልጠነከረም፤ በውስጡ ያለውም ውሃው ያልተነነ ቀለብና እጭ ነው። እንዲህ ያለ ቀፎ በሸክም ሲናጥ እንጀራው ይቀነጠሳል። የፈሰሰው ንቦቹን ያሰጥማል፣ ሽታው የጎረቤት ቀፎ ንቦችን ለዘረፋ ይጠራል፣ በማግስቱ ጉንዳን ይደርሳል። ንግሥቲቱ ከወደቀው እንጀራ ሥር ተጨፍልቃ ከተገኘች ያ ቀፎ ለዘንድሮ አለቀለት ማለት ነው።

ሌላም ስሌት አለ። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነሥታ ሙሉ ንብ ለመሆን 21 ቀን ይፈጅባታል። ከተፈለፈለችም በኋላ ወዲያው ወደ አበባ አትሄድም። ቤት ትጠርጋለች፣ እጭ ትመግባለች፣ ሰም ትሠራለች፣ በር ትጠብቃለች። ቀሳሚ የምትሆነው ሌላ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ነው። መስከረም 8 ቀን ቀሳሚዎቹን ያጣ ቀፎ በዚያው ዕለት የተጣለው እንቁላል አድጎ እስኪሰማራለት 42 ቀን ያህል ይጠብቃል። በመካከሉ ለሞግዚትነት የቀሩት ወጣት ንቦች ያለ ጊዜያቸው ወደ መስክ ይወጣሉ፤ እጩም የሚመግበው ያጣል። መስከረም 8 ላይ 42 ቀን ስትጨምሩ ጥቅምት 20 ላይ ትደርሳላችሁ። በጥቅምት 20 አደዩ ደርቆ ዘሩን እየበተነ ነው። የ23 ቤተሰብ የዓመት ገቢ ያለው በእነዚያ 42 ቀናት ውስጥ ነው። ትእዛዙ ሰኔ ላይ ወይም ታኅሣሥ ላይ ቢመጣ ኖሮ የምንከራከረው ስለ ቦታው ብቻ ይሆን ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ርቀቱ ነው። ደብዳቤያችሁ ቀፎዎቹን ከዳገቱ በላይ ወዳለው ክፍት ቦታ ማዛወር እንደምንችል ይጠቁማል። ያ ቦታ ከአሁኑ 600 ሜትር ያህል ነው። ኃላፊዎቻችን፣ ይህን ሞክረን አይተነዋል። ሚያዝያ ላይ ቦይ ሊቆፈር ነው ተብሎ ዘጠኝ ቀፎ በአስቸኳይ እንድናነሣ ስንታዘዝ ወደዚያው አወጣናቸው። ሥራውን በደንቡ ነው የሠራነው፤ ንቦቹ ሁሉ ከገቡ በኋላ በሩን በወንፊት ሽቦ ዘግተን፣ በሌሊት፣ ሁለት ሁለት ሰው እየተሸከመ። ጠዋት ስንከፍትላቸው እንደ ወትሮው ለሥራ ወጡ። ሲመለሱ ግን ወደ አዲሱ ቦታ አልመጡም።

ንብ የምታውቀው ቦታውን እንጂ ሳጥኑን አይደለም። በዙሪያዋ ያለውን ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር በፀሐይና በምልክት ለይታ ይዛዋለች። 600 ሜትር ወጣ ብላ ስታድር ለእርሷ ያው የትናንቱ ሰፈሯ ነው፤ ከአበባ ስትመለስ በለመደችው መንገድ ሄዳ ቀፎው በነበረበት ድንጋይ ላይ ታርፋለች። ከሰዓት በኋላ ድንጋዮቹ በንብ ተሸፈኑ። ባዶ ቀፎ አምጥተን ለመሰብሰብ ሞከርን፤ ጥቂቱን ያዝን። ከዚያ ዝናቡ መጣ። ከጦሳ የሚወርደው ጉምና ቅዝቃዜ ሌሊቱን ምን እንደሚያደርገው የደሴ ሰው ያውቃል። በማግስቱ ጠዋት ከድንጋዩ ሥር የተበተነ ኑግ የመሰለ ጥቁር ነገር አየን። ሁለቱ ቀፎ የእርሷ የሆነ አንዲት አባላችን በእፍኟ እየዘገነች ወደ ግራዋው ሥር ወሰደቻቸው፤ ማንም አልተናገረም። ከዘጠኙ አራቱ በወር ውስጥ ባዶ ቀሩ፤ ሁለቱ ደክመው ሰም የሚበላው ተባይ፣ የሰም እራት፣ ገባባቸው። የተረፉት ሦስት ናቸው።

ቀፎ ማንቀሳቀስን የምንቃወም ሰዎች አይደለንም። በየበጋው ግራሩ ሲያብብ 12 ቀፎ በአይሱዙ ጭነን ወደ ኮምቦልቻ እናወርዳለን። ከ2,400 ሜትር በላይ ካለችው ከደሴ 1,850 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ኮምቦልቻ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በዚያ መንገድ አንድም ኅብረ ንብ ጠፍቶብን አያውቅም። እንደዚያ የራቀች ንብ በሩ ሲከፈትላት አገሩ እንግዳ መሆኑን ታውቃለች፤ በቀፎው ፊት እየዞረች ቦታውን እንደገና ትማራለች። 25 ኪሎ ሜትር ያልገደላትን 600 ሜትር ገደላት። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ውሳኔው ሲረቀቅ ቢጠየቅ ኖሮ ደብዳቤው እንዲህ ተደርጎ አይጻፍም ነበር። ከእኛ ማንም አልተጠየቀም።

ሦስተኛው ጉዳይ ውሃ ነው። ለውሳኔው ምክንያት ሆኖ የተጠቀሰው ንቦቹ ቦኖ ላይ እየሰፈሩ ውሃ ቀጂዎችን ያስቸግራሉ የሚል የነዋሪ አቤቱታ ነው። አቤቱታው እውነት ነው፤ እኛም በዓይናችን አይተነዋል። ከጥር በፊት ግን እንዲህ ያለ ቅሬታ አንድም ጊዜ ደርሶን አያውቅም። በጥር ከማነቢያው ሥር ያለችው ምንጭ በግንብ ታጠረች፣ በር ተበጀላት፣ ቁልፉም ወደ እናንተ ሄደ። ምንጩን መጠበቅ ተገቢ ነው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ትርፉ ውሃ ይፈስባት የነበረችው፣ ንቦቹ ጠጠሩ ላይ ቆመው የሚጠጡባት ትንሽ ገንዳ አብራ ደረቀች። ንብ በበጋ ውሃ የምትቀዳው ለጥሟ ብቻ አይደለም፤ ቀፎውን ለማቀዝቀዝና ለእጭ የሚሰጠውን ማር ለማቅጠን ጭምር ነው። ገንዳዋ ስትደርቅ በቅርብ ያለውን ርጥበት ፈለጉ፤ ያገኙትም ቦኖውን ነው። በጀሪካን ማመላለስ ጀመርን፤ ነገር ግን ንብ አንድ ጊዜ የለመደችውን ውሃ በቀላሉ አትተውም። ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትን። የጠየቅነው ከምንጩ ትርፍ ውሃ የሚያመጣ አንድ የግማሽ ኢንች ቧንቧ ነበር፤ ወጪውን ራሳችን ልንሸፍን። በሦስቱም ማመልከቻዎች ላይ የገቢ ማኅተም ተመትቷል፤ መልስ ግን አልተሰጠንም። ገንዳውን ያደረቀው ሥራ የእናንተ ሆኖ ሳለ ለአቤቱታው ተጠያቂ የተደረግነው እኛ ነን።

በግንቦት ስለተነደፉት አባትም እንናገር፤ በከተማው ብዙ ተወርቷልና። በዚያ ቀን የቁፋሮ ማሽን ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ከቀፎዎቹ 10 ሜትር በማይሞላ ርቀት ሥራ ጀመረ። ቀድሞ የነገረን አልነበረም። ንዝረቱና የሞተሩ ጭስ ንቦቹን አስቆጣ፤ አንዷ ስትነድፍ የምትተወው ሽታ ደግሞ ሌሎቹን ይጠራል። ማሽኑን የሚነዳው ሰው መስታወቱን ዘግቶ ሄደ። የተጎዱት በመንገዱ ያልፉ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ከ30 ቦታ በላይ ተነድፈው ሆስፒታል አድረዋል። አባሎቻችን ተራ ገብተው አስታመዋቸዋል፤ የሕክምናውን ወጪ ማኅበሩ ከፍሏል። ትናንት ለእንቁጣጣሽ ማር ይዘን ጠይቀናቸው ነበር፤ ደህና ናቸው፤ መርቀው ሸኙን። ጥፋታችንን አንሸሽግም፦ የማስጠንቀቂያ ሰሌዳ አልነበረንም፣ በመንገዱ በኩል ያለው አጥርም ዝቅ ያለ ነበር። ሰሌዳው በዚያው ሳምንት ተተክሏል። ንቦቹ ከሰው ራስ በላይ ከፍ ብለው እንዲወጡ በአጥሩ ላይ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ሸምበቆ አቁመናል፤ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ የተነደፈ ሰው የለም። የቁፋሮው ዕቅድ ግን በዋዜማው ቢነገረን ኖሮ በሮቹን ማታ ዘግተን እናሳድር ነበር፤ ማንም አይጎዳም ነበር።

ስለ ርጭቱ በአጭሩ እናንሣ። ነሐሴ 20 ቀን ከማነቢያው ወዲህ ባለው የባቄላ ማሳ ላይ ፀረ ተባይ ተረጨ፤ ባቄላው ሙሉ በሙሉ አብቦ ሳለ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ንቦቹ አበባው ላይ ባሉበት። በማግስቱ በአሥራ አንድ ቀፎ ደጃፍ ላይ የሚንቀጠቀጡና ምላሳቸው የወጣ ንቦች ተከምረው አገኘን። ለምን ተረጨ አንልም፤ ገበሬው ሰብሉን ማዳን አለበት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወሎን በወረረ ጊዜ ንባችን እያለቀ እንኳ ርጭቱ ይቅር አላልንም። የምንለው ንብ ወደ ቀፎዋ ከገባች በኋላ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት ወዲህ፣ አስቀድሞ ተነግሮን ይረጭ ነው። ባቄላው ራሱ ንብ ስትጎበኘው ፍሬው ይበዛል፤ ጉዳቱ የባለማሳውም ነው። ሀገራችን የንብ ሀብት ልማትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 660/2002 ያላት ሀገር ናት፤ ሕጉን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

መጋዘናችንም ከሐምሌ ጀምሮ ለቆጠራ ተብሎ እንደተቆለፈ ነው። የማር መጭመቂያው፣ የሰም ማተሚያውና ስድስት የንብ ልብስ በውስጡ አሉ። ቆጠራው የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

የተከበራችሁ የደሴ ነዋሪዎች፣

በቦኖው የተቸገራችሁ እናቶች ወደ መሥሪያ ቤቱ ከመሄዳችሁ በፊት እኛ ወደ ደጃችሁ መምጣት ነበረብን። አልመጣንም፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ለሮመዳን ብርዝ፣ ለበዓል ጠጅ፣ ለሳል ብላችሁ ከአብሽ ጋር ለምታዘጋጁት ሁሉ ማራችንን ስትወስዱ ቆይታችኋል፤ ስኳር ያልተቀላቀለበት መሆኑን የሚያውቅ የእናንተ ምላስ ነው። ንቦቹ ያስቸገሯችሁ ካላችሁ ለእኛ ንገሩን፤ በዚያው ምሽት እንመጣለን። በከተማው ይኑሩ አይኑሩ በሚለው ላይም አስተያየታችሁን ለመሥሪያ ቤቱ ጻፉ፤ ተቃውሟችሁንም ቢሆን።

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ከሁሉ በፊት የመስከረም 8 ቀነ ገደብ ይነሣልንና ማሩ እስኪቆረጥ፣ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ፣ እንቆይ። ይህ ካልሆነ የቀረው ሁሉ ትርጉም አይኖረውም። ቦታው ለሌላ አገልግሎት በእውነት የሚፈለግ ከሆነ ለምን እንደሚፈለግ በጽሑፍ ይነገረን፤ ምትክ ቦታም ከአሁኑ ከአምስት ኪሎ ሜትር ባላነሰ ርቀት፣ ውሃና አበባ ባለበት፣ በገራዶ ወይም በኩታበር አቅጣጫ ይፈለግልን። መጓጓዣውን እኛ እንችላለን፤ አምስት ሌሊት ይበቃናል። የተከልነው ወይራና ግራዋ ግን ከእኛ ጋር አይሄድም፤ ቦታውን የሚረከበው ክፍል እንዳይቆርጠው በርክክቡ ሰነድ ላይ ይጻፍልን።

የምንጩ ትርፍ ውሃ ወደ ገንዳው በቧንቧ እንዲመለስ ይፈቀድ፤ ይህ ቀፎዎቹ ከኅዳር በኋላ ቢነሡም ባይነሡም እስከዚያ ድረስ ቦኖውን ያሳርፋል። ርጭትም ሆነ ቁፋሮ በአካባቢው ሲታሰብ ቢያንስ ከሁለት ቀን በፊት ይነገረን፤ የሦስት አባሎቻችን ስልክ በማመልከቻችን ላይ ተጽፏል። የመጋዘኑ ቆጠራ በዚህ ሳምንት ይጠናቀቅና ቁልፉ ይመለስልን። በሚያዝያው ዝውውር ላለቁት ስድስት ቀፎዎች ካሣ አንጠይቅም፤ የሆነው በመዝገባችሁ ላይ እንዲሰፍርና ወደዚያ ቦታ አዛውሩ የሚለው ሐሳብ ከደብዳቤው እንዲወጣ ብቻ እንጠይቃለን።

ቀነ ገደቡ ከመድረሱ በፊት አንድ ጠዋት፣ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ማነቢያው ድረስ መጥታችሁ ተመልከቱ። ልብሶቻችን መጋዘን ውስጥ ስለሆኑ በእጃችን ያለው ሁለት ነው፤ ለእናንተ እናለብሳለን። አንድ ቀፎ ከፍተን ፍሬሙን እናሳያችኋለን፤ በጎን አዘንብለን ስንይዘው ከአዲሱ እንጀራ የሚንጠባጠበውን ታያላችሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

የማኅበሩ ሰብሳቢ
የማኅበሩ ጸሐፊ
የቀፎ ክትትል ኃላፊ
ስለ 23ቱ የንብ አንቢዎች ማኅበር አባላት

ደሴ፣ መስከረም 2

ግልባጭ፦
ለአካባቢው የሀገር ሽማግሌዎች
በቦኖው ለሚገለገሉ ነዋሪዎች ተወካዮች